ከሐዲዱ የሚሰፋ ጭነት፦ አውቶሞቢልና የእርሻ መሣሪያ በጠባብ ሐዲድ ባቡር ሲጓጓዝ

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ንግግሬን በአንድ ቀላል ልኬት ልጀምር። እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ የተመረተው ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለው አውቶሞቢል በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት 1 ሜትር ከ42 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር። በአሜሪካ የኮሎራዶ ተራሮች ውስጥ ይሠራ የነበረው ጠባብ ባቡር የሚሄድበት ሐዲድ ግን ከአንዱ ብረት እስከ ሌላው ብረት ስፋቱ 91 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። መኪናውን ፉርጎው ላይ መሀል ለመሀል ብናቆመው ጎማዎቹ በየጎኑ ከሐዲዱ መስመር 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ወጥተው ይቆማሉ ማለት ነው። ተሸካሚው ከሸክሙ ጠበበ። በመንገድ ላይ ሳይንገዳገድ የሚሄድ ተሽከርካሪ፣ እርሱ ከሚቆምበት መሠረት በጠበበ መሠረት ላይ ተጭኖ ገደል ለገደል እንዴት በሰላም ይጓዛል? የዛሬው ንግግሬ የሚያጠነጥነው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ የምጠቅሰው እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ስለ ሆነ ከዚህ በኋላ ደጋግሜ አላስታውስም።

መደበኛ የሚባለው የሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከዚያ ያነሰው ሁሉ ጠባብ ይባላል። ጠባቡም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። በደቡብ አፍሪካ፣ በጃፓንና በአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ 1,067 ሚሊ ሜትር፣ በስዊዘርላንድ ተራሮችና በቀድሞው የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር 1,000 ሚሊ ሜትር፣ በኮሎራዶና በካናዳዋ ዩኮን 914 ሚሊ ሜትር፣ በጀርመኗ ሳክሶኒ 750 ሚሊ ሜትር፣ በዌልስ የድንጋይ ካባ አካባቢ ደግሞ ከ600 ሚሊ ሜትር እንኳ ያነሰ ነው። ይህን ሁሉ ያመጣው ምክንያት ግን አንድ ነው፤ ይኸውም ተራራና ገንዘብ ነው። ሐዲዱ በጠበበ ቁጥር ባቡሩ ይበልጥ በጠበበ ኩርባ መታጠፍ ይችላል። ኩርባው ከጠበበ መስመሩ የተራራውን ቅርጽ ተከትሎ ይሄዳል፤ ስለዚህ የሚፈለጠው አለት፣ የሚሞላው አፈርና የሚሠራው ድልድይ ይቀንሳል። ዊልያም ጃክሰን ፓልመር በ1870 ያቋቋመው የዴንቨርና ሪዮ ግራንዴ ባቡር ኩባንያ በ1871 ሐዲዱን ከዴንቨር ወደ ደቡብ መዘርጋት ሲጀምር ጠባቡን ስፋት የመረጠው ይህንኑ አስልቶ ነበር። በዚያን ጊዜ የሚጫነው ማዕድን፣ ከሰል፣ እንጨትና ከብት ነው። አውቶሞቢል ገና አልተፈጠረም። መስመሩ የተነደፈው ለማይታወቅ ጭነት ነው ማለት ይቻላል፤ ችግሩም ከዚህ ይጀምራል።

ብዙ ሰው ጠባብ ሐዲድ ሲባል የሚመስለው ቀላል ነገር ብቻ የሚሸከም ደካማ መስመር ነው። ይህ ግምት ልክ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ከሲሸን የብረት ማዕድን ማውጫ እስከ ሳልዳኛ ወደብ የሚወስደው የ861 ኪሎ ሜትር መስመር ስፋቱ 1,067 ሚሊ ሜትር ነው፤ ነገር ግን ከ1976 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው ይህ መስመር ዛሬ ከ300 በላይ ፉርጎዎችን በአንድ ጊዜ የሚጎትቱ ባቡሮች ይመላለሱበታል። በዓለም ላይ ከሚታወቁት ከባድ ባቡሮች መካከል የሚቆጠሩ ናቸው። የብረት ማዕድን ከባድ ቢሆንም ፉርጎው ውስጥ ዝቅ ብሎ ይተኛል፤ ከወዲያ ወዲህም አይንቀሳቀስም። እንግዲህ ሐዲዱ በቂ ብረት፣ በቂ ጠጠርና በቂ ጥገና ካገኘ ክብደት ጠባቡን አያሸንፈውም ማለት ነው። አውቶሞቢልና ትራክተር ግን ከማዕድን ይልቅ ቀላል ሆነው ሳለ የሚያስቸግሩት ከፍ ብለው ስለሚቆሙ፣ ወደ ጎን ስለሚሰፉ፣ ከዚህም በላይ በገዛ ጎማቸው ላይ ስለሚነጥሩ ነው።

ይህን በቁጥር ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ባዶ ክብደቱ 9 ቶን የሆነ ጠፍጣፋ ፉርጎ አለን እንበል፤ የስበት ማዕከሉ ከሐዲዱ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በላዩ 4 ቶን የሚመዝን ትራክተር ጫንን፤ የትራክተሩ የስበት ማዕከል ከሐዲዱ ሲለካ 1 ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትር ላይ ይውላል። የሁለቱ ድምር ማዕከል 95 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በ914 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ከመሀል መስመሩ ተነሥቶ መንኮራኩሩ ብረቱን እስከሚረግጥበት ነጥብ ያለው ርቀት 48 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በመደበኛው ሐዲድ ላይ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ፉርጎው የሚገለበጠው የስበት ማዕከሉ ከዚህ ነጥብ ውጭ ሲወድቅ ነው። አሁን ጫኞቹ ትራክተሩን ከመሀል 20 ሳንቲ ሜትር ወደ አንድ ጎን አዛንፈው አቆሙት እንበል፤ የድምሩ ማዕከል 6 ሳንቲ ሜትር ወደዚያው ይሸሻል። ከዝናብ በኋላ በዚያው በኩል ያለው ሐዲድ 3 ሳንቲ ሜትር ሰጠመ፤ ሌላ 3 ሳንቲ ሜትር ተጨመረ። ባቡሩ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር እየሄደ 73 ሜትር ራዲየስ ባለው ኩርባ ሲታጠፍ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ከ6 ሳንቲ ሜትር መሸሽ ጋር የሚመጣጠን ነው። ሦስቱ ሲደመሩ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ይደርሳሉ፤ ከነበረን 48 ሳንቲ ሜትር ውስጥ አንድ ሦስተኛው ያህል አለቀ። በመደበኛው ሐዲድ ላይ ግን ያው ስሕተት፣ ያው ስጥመትና ያው ኩርባ የሚበሉት ካለው አቅም አንድ አምስተኛውን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የምትታዘቡት ነገር እንዲኖር እፈልጋለሁ። ከሦስቱ ውስጥ አንዱም ብቻውን ፉርጎውን አይገለብጠውም። ፍጥነት ብቻውን አይጥለውም፤ የሰጠመ ሐዲድ ብቻውን አይጥለውም፤ የተዛነፈ ጭነትም እንዲሁ። አደጋ የሚመጣው ሦስቱ በአንድ ኩርባ ላይ ሲገናኙና ከጎን የሚመጣ ነፋስ ወይም የላላ ማሰሪያ ሲታከልባቸው ነው። ሐዲዱን የሚጠግነው ሠራተኛ ሩቅ ነው፤ ፍጥነቱን የሚወስነው የባቡር ነጂው ነው፤ ጫኙ በእጁ ያለው ጭነቱን መሀል ለመሀል የማቆም ሥራ ብቻ ነው። ስለዚህ በጠባብ ሐዲድ ሥራ ውስጥ የአንድ ስንዝር መዛነፍ ያለውን ዋጋ የሚያውቅ ጫኝ ከኢንጂነር የማይተናነስ ባለሙያ ነው ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ።

አጫጫኑን ቀረብ ብለን እንየው። በመደበኛው መስመር አውቶሞቢሎች ሰፋፊ ጥንድ በር ባላቸው የተዘጉ ፉርጎዎች ውስጥ ይጫኑ ነበር። የኮሎራዶው ጠባብ መስመር የተዘጋ ፉርጎ ግን ርዝመቱ 9 ሜትር ገደማ፣ የጎን በሩም ከ1 ሜትር ተኩል ብዙ የማይበልጥ ነበር። ከላይ የጠቀስኩት ሞዴል ቲ ደግሞ ወደ ጎን 1 ሜትር ከ68 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ወደ ፊት 3 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በዚያ በር ሙሉ መኪና አይገባም። ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ወይ መኪናውን ፈታትቶ ጎማውን፣ አካሉንና ሻንሲውን ለየብቻ በሣጥን አድርጎ ማስገባት፣ ወይ እንዳለ በጠፍጣፋው ፉርጎ ላይ አውጥቶ ለፀሐይና ለዝናብ ማጋለጥ ነው። 9 ሜትር በሚሆን ፉርጎ ላይ ሁለት ሞዴል ቲ ፊትና ኋላ ሆነው ይቆማሉ፤ ሦስተኛ ግን ቦታ የለውም።

በጠፍጣፋው ፉርጎ ላይ መጫን የተመረጠ እንደሆነ ሥራው የሚጀመረው ከመኪናው ሳይሆን ከፉርጎው ነው። ወለሉ ይጠረጋል፤ የበሰበሰ ጣውላ እንዳለ በመዶሻ እየተመታ በድምፁ ይለያል፤ የፉርጎው ፍሬን ይጠመዘዝና ከመንኮራኩሮቹ ሥር ታኮ ይገባል፤ አለዚያ መኪናው ሲወጣበት ፉርጎው ራሱ ይሸሻል። ከዚያ የመሀል መስመሩ በጠመኔ ወይም በገመድ ይሰመራል። መኪናው በመወጣጫው ላይ ቀስ ብሎ ሲወጣ አንድ ሰው ከፊት ቆሞ መስመሩን እያየ በእጁ ይመራል። ቦታውን ሲይዝ ማርሽ ይገባለታል፤ የእጅ ፍሬኑ ይጎተታል፤ በእያንዳንዱ ጎማ ፊትና ኋላ ታኮ ተደርጎ ታኮው ከወለሉ ጋር በምስማር ይመታል፤ በጎማው ጎንና ጎንም ረዥም ጣውላ ተመትቶ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ይደረጋል። በመጨረሻ ማሰሪያው ይመጣል። ሽቦው ድርብ ሆኖ ከአክሰሉ ወደ ፉርጎው ጠርዝ ይዘረጋና በመካከሉ ዱላ ተሰክቶ እስኪወጠር ድረስ ይጠመዘዛል። ከአካሉ ጋር ሳይሆን ከአክሰሉ ወይም ከሻንሲው ጋር መታሰሩ ትልቅ ምክንያት አለው፤ አካሉ በባሌስትራው ላይ ስለሚወዛወዝ ከእርሱ ጋር የታሰረ ሽቦ በየውዝዋዜው አንዴ ይላላል፣ አንዴ ይወጠራል፣ ጥቂት እንደ ሄደም ይበጠሳል። በነፋስ የተሞላ ጎማ ያለው ትራክተርም ጎማው ራሱ እንደ ምንጭ ስለሚነጥር ይኸው ችግር አለበት። ስለዚህ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ተሄደ ባቡሩ ሲቆም ማሰሪያውን ዳግመኛ ማጥበቅ የግድ ነው።

ከጎን ለጎን መወዛወዝ ይልቅ ጭነትን የሚያነቃንቀው ብዙ ጊዜ የፊትና የኋላ ግጭት መሆኑንም መዘንጋት አይገባም። በጣቢያ ውስጥ ፉርጎዎች ተገፍተው ሲቆራኙ፣ ወይም ረዥም ባቡር ዳገቱን ጨርሶ ቁልቁለት ሲጀምርና ከኋላ ያሉት ወደ ፊት ሲገፉ፣ የሚፈጠረው ምት በማንኛውም ኩርባ ላይ ከሚመጣው ይበልጣል። በኮሎራዶና በኒው ሜክሲኮ ድንበር ባለው የከምብረስ መተላለፊያ፣ ከቻማ ወደ ላይ በሚወጣው በኩል፣ መስመሩ በየ100 ሜትሩ 4 ሜትር ይወጣል፤ ለባቡር ይህ እጅግ ብርቱ ዳገት ነው። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ በእንዲህ ያለ ዳገት ላይ ሲያቃስት ከጭስ ማውጫው ፍም ያዘንባል። በገላጣ ፉርጎ ላይ የቆመ አዲስ መኪና የሸራ ጣሪያና የመቀመጫ ልባስ እንዳለው አስቡት፤ መሸፈንና ከሎኮሞቲቩ አርቆ ማስቀጠል ጌጥ ሳይሆን የእሳት ጥንቃቄ ነው። ከፍሙ በተጨማሪ ብርዱም ጠላት ነበር፤ በክረምት በራዲያተር ውስጥ የቀረ ውኃ በረዶ ሆኖ ሞተሩን ይሰነጥቀዋልና ከመጫኑ በፊት መፍሰስ ነበረበት።

የእርሻ መሣሪያ ከአውቶሞቢል የሚለየው አንድ ቅርጽ ስለሌለው ነው። ማረሻና መከስከሻ ተፈታትተው በሣጥን ወይም በጥቅል ስለሚመጡ ማንኛውም ፉርጎ ይበቃቸዋል፤ ስለ እነርሱ ብዙ የሚባል የለም። አጭዶ የሚያስር ማሽን ግን ወደ አንድ ጎን የተዘረጋ ሰፊ መድረክ አለው፤ እርሱን ካላነሡት ከሐዲዱ ዳር ያለውን ምሰሶ ይመታል። የመውቂያ ማሽን ሙሉው ቤት የሚያህል ሣጥን ነው፤ ክብደቱ ለቁመቱ አነስተኛ ስለሆነ ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋው ከጎን የሚመጣው ነፋስ ነው። በተቃራኒው በእንፋሎት የሚሠራው የድሮ ትራክተር ከ10 ቶን በላይ የሚመዝን ዓይነትም ነበረው፤ ያ ሁሉ ክብደት በሁለቱ የኋላ የብረት ጎማዎች ሥር በጥቂት ጣውላዎች ላይ ያርፋል። ፉርጎው 10 ቶን ይሸከማል ተብሎ ሲጻፍበት በወለሉ ሁሉ የተዘረጋ 10 ቶን ማለት እንጂ በሁለት ነጥብ የሚወጋ 10 ቶን ማለት አይደለም። ስለዚህ ከጎማዎቹ ሥር ረዣዥም ወፋፍራም አጣናዎች ይነጠፋሉ፤ ክብደቱም ወደ ፉርጎው ዋና ተሸካሚ ብረቶች ይከፋፈላል። በ1917 መመረት የጀመረው ፎርድሰን ትራክተር በአንጻሩ 1,200 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ስለነበር ለጠባብ ሐዲድ እጅግ የተመቸ ነበር፤ ከሞዴል ቲ ሁለት እጥፍ ቢከብድ ነው። በኋላ የመጡት ለመስመር ተክል የተሠሩ ትራክተሮችም የኋላ ጎማቸው በአክሰሉ ላይ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚንሸራተት ስለሆነ ከመጫናቸው በፊት አጥብቦ ማስገባት ይቻላል። ይህ የተደረገው ለባቡር ተብሎ ሳይሆን ለገበሬው የመስመር ስፋት ተብሎ ነው፤ ጫኞችን ግን እጅግ ጠቅሟል። ኮምባይነር በክሪክ ተነሥቶና የፊት ማጨጃው ተፈትቶ በርዝመቱ ካልተጫነ በስተቀር በጠባብ መስመር አይታሰብም፤ የዛሬዎቹ ትላልቆቹ ደግሞ ማጨጃቸው ቢፈታም እንኳ ወርዳቸው ብቻውን ያግዳቸዋል።

ወርድ የሚለካው በፉርጎው ሳይሆን በመስመሩ ነው። ጠባብ መስመር ሲሠራ የተፈለጠው አለት፣ የተቆፈረው ዋሻና የድልድዩ የጎን ብረት ሁሉ በጠባቡ ልክ ነው፤ ገንዘብ የተቆጠበውም በዚያ ነው። ከመስመሩ ሁሉ እጅግ ጠባብ የሆነችው አንዲት ቦታ የመስመሩን ሁሉ ልክ ትወስናለች። በዚህ ምክንያት ሰፊ ጭነት ከመነሣቱ በፊት የዚያችን ቦታ ቅርጽ በሚያህል የእንጨት ወይም የብረት ማዕቀፍ ሥር አሳልፎ መሞከር በባቡር ሥራ የቆየ ልማድ ነው። ማዕቀፉን የነካ ጭነት ይፈታል ወይም ይቀራል። በኩርባ ላይ ደግሞ የረዥም ፉርጎ መሀሉ ወደ ውስጥ፣ ጫፎቹ ወደ ውጭ ስለሚወጡ በቀጥታው ሐዲድ ላይ ያለፈው ሁሉ በኩርባው ላይ ያልፋል ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ትልቁ ወጪ ልምጣ። አውቶሞቢሉ ከፋብሪካው የሚነሣው በመደበኛ ሐዲድ ነው፤ ጠባቡ መስመር የሚጀምርበት ከተማ ሲደርስ ሐዲዱ ይቀየራል፤ ጭነቱ ከአንዱ ፉርጎ ወርዶ በሌላው መውጣት አለበት። ከሰልና እህል በዚህ ቦታ አካፋና ጉልበት ይበላሉ፤ ጊዜም ያባክናሉ። ሰዎች ይህን ለማምለጥ ብዙ ዘዴ ሞክረዋል። በኮሎራዶ ከአላሞሳ እስከ አንቶኒቶ ሦስተኛ ብረት ተዘርግቶ ጠባቡም መደበኛውም በአንድ መስመር ይሄዱ ነበር። በሳክሶኒ ሙሉውን መደበኛ ፉርጎ እንዳለ ዝቅተኛ በሆነ ጠባብ ተሸካሚ ላይ ያወጡታል፤ ፉርጎ በፉርጎ ላይ ማለት ነው። በፔንስልቬንያ የሚገኘው የኢስት ብሮድ ቶፕ መስመር ደግሞ ከ1933 ጀምሮ በማውንት ዩኒየን ባለው የእንጨት ማንሻ ክሬን መደበኛውን ፉርጎ ከፍ እያደረገ ከሥሩ ያለውን ቦጊ፣ ማለትም መንኮራኩሮቹን የያዘውን ማዕቀፍ፣ አውጥቶ ጠባቡን ቦጊ ይተካለት ነበር። እነዚህ ሁሉ የሚያስደንቁ ዘዴዎች ናቸው፤ ሆኖም የጭነቱን ከፍታ ይጨምራሉ ወይም ሰፊውን አካል በጠባብ እግር ያቆማሉ፤ ቀደም ሲል በቁጥር ያየነውም አደጋ ይከተላቸዋል።

ነገር ግን በዚህ ቦታ ላይ አውቶሞቢልና ትራክተር ከሌላው ጭነት ሁሉ የተለዩ ናቸው፦ በራሳቸው እግር ይሄዳሉ። ሁለቱን ፉርጎዎች ጫፍ ለጫፍ ወይም በአንድ መድረክ ግራና ቀኝ አቁሞ ድልድይ የሚሆን ወፍራም ጣውላ ቢደረግላቸው፣ መኪናው ከአንዱ ወርዶ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ክሬን አያስፈልገው፣ አካፋ አያስፈልገው። ለማራገፍ ከሁሉ የቀለለ፣ ለማጓጓዝ ግን ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ጭነት ነው። በእኔ አስተያየት የጠባብ ሐዲድ ሰዎች ይህንን ጠባይ ቀደም ብለው ቢያስተውሉትና ወለሉ ዝቅ ያለ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚነዳበት ልዩ ፉርጎ በጊዜው ቢሠሩለት ኖሮ የብዙ መስመሮች ዕድሜ ይረዝም ነበር። አብዛኞቹ ግን መኪናን እንደ ማንኛውም ሣጥን ቆጠሩት፤ ለማዕድን በተሠራ ፉርጎ ላይ ጫኑት።

መኪናን ጭኖ ማድረስ ምን ያህል ታላቅ ሥራ እንደሚሠራ በ1942 በዩኮን ታይቷል። ከአላስካ ወደብ ከስካግዌይ ተነሥቶ በዋይት ፓስ በኩል በካናዳ ወደምትገኘው ዋይትሆርስ የሚደርሰው 177 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መስመር ከ1898 እስከ 1900 የተሠራው ለወርቅ ፈላጊዎች ሲሆን ስፋቱ 914 ሚሊ ሜትር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአላስካ አውራ ጎዳና በጥድፊያ እንዲሠራ ሲወሰን ዋይትሆርስ ከጎዳናው መካከለኛ ክፍል ላይ ተገኘች። ያ ጠባብ መስመር ባይኖር ኖሮ ሠራተኞቹ ሥራውን ከሁለቱ ጫፎች ብቻ እየጀመሩ ወደ መሀል መምጣት ነበረባቸው። በባቡሩ ግን ቡልዶዘሩ፣ ግሬደሩና የጭነት መኪናው ከመርከብ ወርዶ ዋይትሆርስ ደረሰ፤ ከዚያም ወደ ሁለቱም አቅጣጫ መቁረጥ ተቻለ። ጭነቱ ከመስመሩ አቅም በላይ ስለሆነ የአሜሪካ ጦር በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ባቡሩን ተረክቦ ማንቀሳቀስ ጀመረ፤ ከኮሎራዶው ጠባብ መስመር ሰባት ሎኮሞቲቮች ተነቅለው ወደ ሰሜን ተላኩለት። እነዚያ ሎኮሞቲቮች የመንኮራኩራቸው ስፋት ሳይቀየር በዩኮን መሥራት የቻሉት ሐዲዱ እኩል 914 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ነው። ከጦርነቱ በኋላም ስካግዌይን ከውስጥ አገሩ የሚያገናኝ የመኪና መንገድ ስላልነበረ መንገደኞች መኪናቸውን በጠፍጣፋ ፉርጎ ጭነው ተራራውን በባቡር ይሻገሩ ነበር። መንገዱ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲከፈት ያ ሥራ አበቃ። በ1982 የማዕድኑ ጭነት ሲቋረጥ ባቡሩም ቆመ፤ በ1988 ዳግመኛ የተከፈተው ጎብኚዎችን ለማመላለስ ነው።

ይህ ታሪክ በብዙ ቦታ ተደግሟል። ጠባቡ ባቡር የመንገድ መሥሪያውን ማሽን ተሸክሞ አወጣ፤ መኪናውን ተሸክሞ አወጣ፤ መንገዱ ሲያልቅ ጭነቱ በዚያው መንገድ ሄደ። በኮሎራዶ ከሪጅዌይ እስከ ዱራንጎ 260 ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው የሪዮ ግራንዴ ሳውዘርን መስመር በዚህ ጭንቀት ውስጥ ሳለ ያደረገው ነገር ልብ ይነካል። በ1931 የኢኮኖሚው ድቀት በበረታ ጊዜ የእንፋሎት ባቡር ለማስነሣት የሚያስፈልገውን የሰው ኃይልና ከሰል መክፈል ስላቃተው የቡዊክ፣ በኋላም የፒርስ አሮው አውቶሞቢሎችን አካልና ሞተር ወስዶ የብረት መንኮራኩር ገጠመላቸው፤ ከኋላቸውም የዕቃ ሣጥን ቀጠለ። «ጋሎፒንግ ጉዝ» ማለትም «ጋላቢዋ ዝይ» የሚል ስም ወጣላቸው። በአንድ ነጂ የሚሄዱት እነዚህ ተሽከርካሪዎች ፖስታና መንገደኛ እያመላለሱ መስመሩን ሃያ ዓመት ያህል አቆዩት። አውቶሞቢሉ በፉርጎ ላይ ተጭኖ ከሐዲዱ እየሰፋ ያስቸግር የነበረው፣ ጎማው ወልቆ በሐዲዱ ልክ እግር ሲሰጠው ባቡሩን ራሱን ተሸከመ። መስመሩ የተዘጋው በ1951 ነው።

በጠባብ ሐዲድ ላይ አውቶሞቢል መጫን ግን አልቀረም፤ ዛሬም በየቀኑ የሚሠራበት አገር ስዊዘርላንድ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በዚያ ባቡሩ መንገድ የማይችለውን ይሠራል። የፉርካ መተላለፊያ በክረምት በበረዶ ይዘጋል። በ1982 የተከፈተው 15.4 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የፉርካ ዋሻ ስፋቱ 1,000 ሚሊ ሜትር የሆነ ሐዲድ ተዘርግቶበት በኦበርቫልድና በሬያልፕ መካከል ዓመቱን ሙሉ መኪና ያመላልሳል። በ1999 ኅዳር ወር የተከፈተው የፌራይና ዋሻ ደግሞ 19 ኪሎ ሜትር ነው፤ በክሎስተርስና በዛግሊያንስ መካከል የሚሄደው ይኸው ጠባብ ባቡር በክረምት የሚዘጋውን የፍሉኤላ መተላለፊያ ይተካል። እዚህ ፉርጎው ለመኪና ተብሎ የተሠራ ነው። ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፤ ስለዚህ የስበት ማዕከሉም ይወርዳል። ፉርጎዎቹ ጫፍ ለጫፍ በድልድይ የተያያዙ ስለሆኑ ባቡሩ በሙሉ እንደ አንድ ረዥም ጎዳና ነው፤ ከኋላ ገብተው ወደ ፊት ይነዳሉ፤ ሲደርሱም በዚያው በፊት ይወጣሉ። ጣውላ የለም፣ ሽቦ የለም፣ ምስማር የለም። ሐዲዱም እንደ ኮሎራዶው በዝናብ የሚሰጥም አይደለም፤ በዋሻ ውስጥ ነፋስ ከጎን አይመጣም፤ ኩርባውም ሰፊ ነው። ከሦስቱ ችግሮች ሁለቱ በአሠራሩ ተወግደዋል ማለት ነው።

ሦስተኛው፣ ማለትም ጭነቱን በቦታው የማጽናቱ ሥራ፣ ለመኪናው ባለቤት ቀርቷል። ነጂው ከነቤተሰቡ በመኪናው ውስጥ እንደ ተቀመጠ ይጓዛል። መኪናውን መስመር አስይዞ ካቆመ በኋላ ሞተሩን እንዲያጠፋ፣ የእጅ ፍሬኑን እንዲስብና ማርሽ እንዲያስገባ ይነገረዋል፤ መብራቶቹም ይጠፋሉ። ከዚያ ባቡሩ ወደ ተራራው ሥር ይገባል፤ በፌራይና 18 ደቂቃ ያህል በጨለማው ከተጓዘ በኋላ በሌላው ሸለቆ ይወጣል፤ ነጂውም ሞተሩን አስነሥቶ ከፉርጎው ላይ በቀጥታ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል።